የሬንስኬ ሠላሳ አንድ ኮከቦች

ኦስተርዊርድ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2012 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለልጄ ለኤፖ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ያለህበት ተራራ ቀኑ ይሙቅልህ፣ ሰማዩም ይጥራልህ። እኛ ደህና ነን። ላሞቹም ደህና ናቸው። ሃርም ወገቡን ያመዋል፤ ግን ያልባል።

ለልጄ ለሬንስኬ ቀብር ከቺሊ ድረስ ደውለህ ያስላክኸውን አበባ ሳላመሰግንህ ሦስት ወር አለፈ። ይቅር በለኝ። ያንተ አያትና የእኔ እናት እህትማማቾች ናቸው፤ እንዲህ ዝም ልልህ አይገባም ነበር። ብዕር እይዛለሁ፣ ቃሉ ግን አይመጣም። ኮምፒውተሩ የእሷ ነበር። ፎቅ ላይ አለ፣ አልከፈትኩትም። ስለዚህ በፖስታ ነው የምጽፍልህ፤ አንተም በፖስታ መልስልኝ።

ከትናንት በስቲያ ትሠራበት ከነበረው ዩኒቨርሲቲ አንድ ፎርም መጣልን። የጀመረችውን የምርምር ጽሑፍ አንተ እየጨረስክላት መሆኑን ይናገራል። የሞተ ሰው ስም በጽሑፍ ላይ ከሁሉ ፊት እንዲቀመጥ ወላጆቹ መፍቀድ አለባቸው ይላል። ለእኔና ለሃርም ሁለት መስመር ትተውልናል። ሃርም ሳያነብ ፈርሞ ወደ በረት ሄደ። እኔ ብዕሩን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ልጄ ምን እንዳለች ሳላውቅ እንዴት ልፈርም?

የማውቀው ይህን ብቻ ነው። አምና በፋሲካ ገበታ ላይ ሹካዋን አስቀምጣ «አገኘሁ» አለችን። ምን አገኘሽ ብላት፣ በአንዲት ትንሽ ጋላክሲ ውስጥ ማንም የማያየው ከባድ ነገር እንዳለ ነገረችኝ። ጨለማ ቁስ ይባላል አለች። ሃርም «ካልታየ እንዴት አገኘሽው?» ሲላት፣ «አባዬ፣ እናንተስ እግዜርን እንዴት አገኛችሁት?» አለችው። ሃርም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ግን ሳቀ። እኔ በማግስቱ ለጎረቤታችን ለቲኔ ነገርኩ፣ ለዳቦ ጋጋሪው ነገርኩ፣ ለመዘምራኑ ነገርኩ። ቲኔ «ሩልፊን፣ ልጅሽ የማይታይ ነገር መፈለግ ከቻለች የባሌን አእምሮ ትፈልግልኝ» አለች። እስከ ቅዳሜ መንደሩ ሁሉ ሰማ። ዛሬም ድረስ የሚያውቀው ያንን ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። ጽሑፉ የሚለውን ለእኔ በሚገባኝ ቃል ጻፍልኝ። የእኔ ትምህርት የቤት አያያዝ ትምህርት ቤት ላይ ነው ያበቃው። ደግሞም ሜይ 11 ልደቷ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ይሆናት ነበር። ወንበሮቹን እንደ ልማዳችን በክብ እንደረድራለን። ጽሑፉ ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

በወጣህበት በገባህበት ጌታ አይለይህ። ሃርም ሰላም ብሎሃል፤ በአፉ ባይልም ማለቱ ነው።

አክስትህ ሩልፊን


ላ ሴሬና፣ ማርች 18 ቀን 2012

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለሩልፊን፣

እግዚአብሔር ለእርስዎና ለአጎቴ ለሃርም ብርታቱን ይስጣችሁ። እኔ በጤናዬ አለሁ። ደብዳቤዎ ሦስት ሳምንት ተጉዞ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የቲኔን ነገር ደግሞ ሦስት ጊዜ።

የጠየቁኝን እንደሚሆን አድርጌ ልሞክር። የሬንስኬ ጋላክሲ በጣም ትንሽ ናት። የእኛዋ መቶ ቢሊዮን ኮከብ ሲኖራት ያቺ ጥቂት ሺህ ብቻ ነው ያላት። ድንክ ጋላክሲ እንላታለን። ሬንስኬ እዚህ ተራራ ላይ ባለው ቴሌስኮፕ የሠላሳ አንዱን ኮከቦች ፍጥነት ለካች።

አጎቴ ሃርም በኤፕሪል ላሞቹን ወደ መስክ ሲለቃቸው የሚሆነውን ያስቡ። ክረምቱን በረት ውስጥ ከርመው ሲወጡ እንደ ጥጃ ይዘላሉ፣ ይጋልባሉ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ የሚያይ ሰው ቀጭኑን ሽቦ አያየውም። ነገር ግን ላሞቹ በዚያ ፍጥነት እየሮጡ መስኩን ጥለው ካልሄዱ አጥር እንዳለ ያውቃል። ሬንስኬ ያለችው ይህንኑ ነው። ኮከቦቹ ይሮጣሉ። የያዛቸው የራሳቸው ክብደት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ ተበታትነው ነበር። አልተበተኑም። ስለዚህ የማይታይ ከባድ ነገር ይዟቸዋል። የሩጫቸው ፍጥነት በጨመረ መጠን አጥሩ ጠንካራ መሆን አለበት። በእሷ ስሌት በዚያች ጋላክሲ ውስጥ የማይታየው ከሚታየው ሺህ እጥፍ ይበልጣል።

ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት ሌላ ባለሙያ ያነበዋል። የእሷን ያነበበውም፣ ኮከቦቹ ዓመት ካለፈ በኋላ እንደገና ይለኩ ብሏል። የተለመደ ጥያቄ ነው። በቴሌስኮፑ የእኔ ተራ በኤፕሪል አጋማሽ ነው። ለልደቷ ይደርሳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እዚህ በመጣች ጊዜ ከአገር ቤት አንድ ማሰሮ ሰናፍጭ አምጥታልኝ ነበር። እራት ቆማ ነበር የምትበላው። ተቀመጪ ስላት፣ «ከተቀመጥኩ እተኛለሁ» ትለኝ ነበር። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም።

ሰላማችሁ ይብዛ።

የእርስዎው ኤፖ


ኦስተርዊርድ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 2012

ለልጄ ለኤፖ፣

በጎ ቀን፣ በጎ ሰው አይለይህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። እራት ላይ ለሃርም አነበብኩለት። መብላቱን ሳያቆም «ሽቦው ኤሌክትሪክ ካለው ነው» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ደህና አድርጎ ጽፎታል» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ብዙ ነው።

አጥሩ ገብቶኛል። ቆማ በላች፣ ሰናፍጭ አመጣች እንዳልከው ያለውንም ጻፍልኝ፤ ይገባሃል። እዚህ ሰዎች በእኔ ፊት ስሟን አይጠሩም። ስገባ ወሬው ስለ አየሩ ይሆናል።

ትናንት ላሞቹን አወጣናቸው። እንደ ወትሮው ሰዎች ከከተማ ልጆቻቸውን ይዘው ሊያዩ መጡ። ላሞቹ ዘለሉ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ሽቦውን ሳይ ነበር። አንዲት ሴት «ደስ ይላል አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ጊዜ ደስ ይለኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። አሁን ላሞች ሲሮጡ አየሁ፤ ከዚያ ቆሙና ሣር ጋጡ።

ፎርሙን ፈርሜ ፖስታ ቤት ወስጃለሁ። እንግዲህ አፍጥንልኝ። ልደቷ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ቢሆንም ይበቃኛል፤ ስሟ ያለበት።

ሬንስኬ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሌላ ነገር ጽፋልህ ነበር? እንዲሁ ነው የጠየቅኩህ።

እግዜር ከክፉ ይሰውርህ።

አክስትህ ሩልፊን


ላ ሴሬና፣ ሜይ 20 ቀን 2012

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ጤናና ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ልደቷ አለፈ፤ ጽሑፉ አልደረሰም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ክረምቱ እየገባ ነው፤ ነፋሱ በርትቶ ቴሌስኮፑን ብዙ ጊዜ ዘግተን ነበር። በጁን እንደገና ማየት አለብኝ።

የፈረማችሁት ፎርም ዩኒቨርሲቲው ደርሷል። ለጊዜው እንዲቆይ ጠይቄአለሁ። የቢሮ ጉዳይ ነው፣ አያሳስብዎት።

ሬንስኬ በመጨረሻ የጻፈችልኝ ስለ ሥራ ብቻ ነበር።

ለአጎቴ ሃርም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ኤፖ


ኦስተርዊርድ፣ ጁን 17 ቀን 2012

ለልጄ ለኤፖ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ እንዳለን አለን።

ልደቷን አከበርን። አክብሩ ያለን የለም፤ ሃርም ጠዋት ተነስቶ ወንበሮቹን ከጎተራ አወጣ፣ እኔም ኬክ ጋገርኩ። መጸዳጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሁላችን ልደት የተጻፈበት የቀን መቁጠሪያ ስሟን እንደያዘ ነው። ሊሰርዘው የደፈረ የለም፤ የሚሰረዝ መሆኑንም አላውቅም። አሥራ ሁለት ሰው መጣ። ወትሮ የሚገባው ሁሉ ክቡን እየዞረ ለባለ ልደቱ እናትም ለአባቱም ለጎረቤቱም «እንኳን ደስ አለሽ፣ እንኳን ደስ አለህ» ማለት አለበት። ዘንድሮ ሰዎቹ እጄን ጨብጠው አፋቸውን ከፍተው ይዘጉት ነበር። የቲኔ አማት ብቻ፣ ዘጠና ዓመቷ ነው፣ ከልማዷ የተነሳ «ለልጅሽ እንኳን ደስ አለሽ፣ ሩልፊን» አለች። ቲኔ ፊቷ ቀላ። እኔ አመሰግናለሁ አልኩ። ምን ይባላል?

ከዚያ ጽሑፉ የታለ አሉኝ። በመንገድ ላይ ነው አልኳቸው።

ኤፖ፣ ደብዳቤህ አጭር ነበር። የመጀመሪያው ሁለት ገጽ፣ ሁለተኛው ግማሽ። ሰው የሚደብቀው ነገር ሲኖረው አጭር ይጽፋል። ሃርም «ልጁ ሥራ በዝቶበት ነው፣ ተዪው» ይለኛል። እኔ ግን ፎርሙ ለምን እንዲቆይ እንዳደረግክ ማወቅ እፈልጋለሁ። የቢሮ ጉዳይ አትበለኝ። እኔ ቢሮ አላውቅም።

አምላክ መንገድህን ያቅናልህ።

አክስትህ ሩልፊን


ኦስተርዊርድ፣ ኦገስት 19 ቀን 2012

ለኤፖ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። መልስ አልመጣም። ስንዴው ታጭዷል። ቲኔ በየሳምንቱ፣ ዳቦ ጋጋሪውም በየጠዋቱ ይጠይቁኛል። መታተሙን ትቼዋለሁ። አሁን የምለምንህ እውነቱን ብቻ ነው። ምን አየህ?

ሩልፊን


ላ ሴሬና፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2012

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ ለሩልፊን፣

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ደብዳቤ በሜይ መጻፍ ነበረብኝ። የጁኑ ደብዳቤዎ ደርሶኝ ጠረጴዛዬ ላይ ከርሟል።

በኤፕሪል ሠላሳ አንዱን ኮከቦች እንደገና ለካሁ። ሃያ ስምንቱ አምና እንደነበሩ ናቸው። ሦስቱ ግን ፍጥነታቸው ተለውጧል። አንዱ እንዲያውም አምና ወደ እኛ ይመጣ የነበረው ዘንድሮ ይሸሻል። ልኬቱ ተሳስቷል ብዬ በጁን ደገምኩት። አልተሳሳተም። ሦስቱ ጥንድ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከጎናቸው የማትታይ ደብዛዛ ኮከብ አለቻቸው፤ እርስ በርስ ይዞራሉ። ያ ሁሉ ሩጫ ከጓደኛቸው ጋር የሚዞሩት ዙር እንጂ ጋላክሲዋ ውስጥ የሚሮጡት አይደለም። በእኛ ሥራ ይህ ስሕተት ያለ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ የለካ ሰው ሁሉ ሊሳሳተው ይችላል። ሦስቱን ስናወጣቸው የቀሩት ሃያ ስምንቱ ከመዝገማቸው የተነሳ መሣሪያችን ፍጥነታቸውን ሊለየው አይችልም። አጥር አለ ለማለት የሚያበቃ ነገር አይቀርም። የለም ማለትም አንችልም። አለ ማለት ግን አንችልም።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ከዚያ የፈለጉትን ያስቡብኝ። በጁን አንድ ቀን ሙሉ ልኬቱን ከፊቴ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ነፋስ ነበር፣ ይህ ልኬት አይታመንም ብዬ ብተወው ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ጽሑፉ ይታተማል፣ ስሟ ከፊት ይቀመጣል፣ እርስዎም ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀምጡታል። ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ኮከቦቹን አይቶ ሬንስኬ ተሳስታለች ብሎ ይጽፋል። ያን ጊዜ መልስ የምትሰጥ እሷ የለችም። በዚህ ምክንያት መደበቁን ተውኩት። ሌላ ምክንያት ነበረኝ ብልዎት ውሸት ነው።

አሁን ሁለት መንገድ አለ። ጽሑፉን ፈጽሞ መተው፤ ወይም ያየነውን፣ ማለትም አለመገኘቱን፣ ጽፎ ማሳተም። የሚታተም ከሆነ ስሟን ከፊት ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ሥራው የእሷ ነውና። ነገር ግን የፈረማችሁት ለሌላ ጽሑፍ ነበር። በሕይወቷ ያላለችውን በስሟ ለማሳተም አዲስ ፊርማ ያስፈልጋል። ፎርሙን በዚህ ውስጥ አድርጌአለሁ። እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ካልመለሳችሁ እተወዋለሁ፤ ማንም አይወቅሳችሁም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። አምና በኦክቶበር እነዚህ ሦስት ኮከቦች እንደገና እንዲታዩላት ለቴሌስኮፑ ማመልከቻ አስገብታ ነበር። ሦስቱን ብቻ። ምክንያቱን አልጻፈችም። ያነበበው ባለሙያ ገና ምንም ሳይል ነው። አክስቴ፣ ታውቅ ነበር? ነግራዎት ነበር?

ኤፖ


ኦስተርዊርድ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2012

ለልጄ ለኤፖ፣

ስለ እውነትህ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ስድስተኛ ቀኔ ነው። በቀን ጥቂት መስመር እጽፍና አቆማለሁ።

ጠይቀኸኛል። አዎ፣ ታውቅ ነበር።

ኖቬምበር 6፣ እሑድ ነበር፤ ሃርም ስልሳ የሞላበት ቀን። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሬንስኬ ራሷን ስላመማት ባቡር መሳፈር አልቻለችም። ከሰዓት በኋላ ደወለች። አባቷን እንኳን ደስ አለህ አለችው፤ ከዚያ እማን ስጠኝ አለችው። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። በአንድ እጄ የአተር ሾርባውን ድስት ይዤ ስልኩን በትከሻዬ አጣበቅኩት።

«እማ፣ ያ ነገር የለም መሰለኝ» አለች።

«የቱ ነገር?»

«ያገኘሁት። ሦስቱን ሳወጣቸው ሁሉም ይጠፋል።»

«ሬንስኬ፣ ቤቱ ሰው ሞልቷል። ነገ አትደውዪልኝም?»

«እሺ እማ። ሾርባ እያወጣሽ ነው አይደል? ሂጂ።»

ሰኞ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩላትም። ሰኞ ሳህን ሳጥብ ዋልኩ። ማክሰኞ ቤተ ክርስቲያኑን የመጥረግ ተራዬ ነበር። ረቡዕ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። ሐሙስ ጠዋት በጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ተበጠሰ። ብስክሌቷን ስታቆም ወደቀች አሉን።

ለሃርም አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። በቀብሯ ላይ ፓስተሩ «የማይታየውን ያገኘች እህታችን» ሲል ዝም ብዬ ሰማሁ። እንዲያ ብሎ እንዲያስብ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ፎርሙ ሲመጣ፣ ምናልባት በስልክ ያለችው ስሕተት ይሆናል አልኩ፤ ራሷን አሟት ነበርና። ከታተመ በኋላ እውነት ይሆናል ብዬ ነው አፍጥን ያልኩህ። ሌላ ነገር ጽፋልህ ነበር ወይ ብዬ የጠየቅኩህም ለዚህ ነው። አንተ ከእኔ ደበቅክ፣ እኔም ካንተ ደበቅኩ። የአንተ ይሻላል።

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። ይህን መጀመሪያ ያለው ሰው ልጅ ቀብሮ አያውቅም። የእኔ ሁለቱም ጠፍተዋል።

ሐሙስ ለሃርም ነገርኩት። ከሐሙስ ሌላ ቀን ብመርጥ ይሻል ነበር፤ ግን የደፈርኩት ያን ቀን ነው። ከወተት ማለቢያው ገብቶ ቦት ጫማውን ሲያወልቅ ነበር።

«ሃርም፣ ያ ሬንስኬ ያገኘችው ነገር የለም» አልኩት።

«ማነው ያለው?»

«ኤፖ። ከእሱ በፊት ግን እሷ ራሷ። በልደትህ ቀን በስልክ ነገረችኝ።»

አንዱን ቦት አውልቆ ሌላውን እንዳደረገ ቀና አለ። ለምን አልነገርሽኝም ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለኝም።

«ሦስቱ ምንድን ናቸው?» አለኝ።

ጥንድ መሆናቸውን ነገርኩት፤ እርስ በርስ እንደሚዞሩ። «ሁለት ጥጆች ጭራ ለጭራ ሲሯሯጡ» አለ። «ለዚያ አጥር አያስፈልግም።»

«አያስፈልግም።»

«እሷ ካለችው እንግዲያ ይጻፋ» አለና ሁለተኛውን ቦት አወለቀ። ፎርሙን ሰጠሁት። በዚህ ጊዜ መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ከዚያ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ።

ስሟ ከፊት ይሁን። አንድ ቃል ብቻ ጨምርልኝ። ሦስቱ ኮከቦች እንደገና ይታዩ ብላ ያመለከተችው እሷ መሆኗን ጻፍ። አንተም ያነበበው ሰውም ከማለታችሁ በፊት ያለችው እሷ ናት። ይህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልለምንህም።

አክስትህ ሩልፊን


ላ ሴሬና፣ ኦክቶበር 25 ቀን 2012

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣ ለአጎቴም፣

ሰላማችሁ ይጠበቅ። ፎርሙ ደርሷል፣ ጽሑፉም ተቀባይነት አግኝቷል። ያሉኝን ቃል በሁለተኛው ገጽ ላይ ጽፌአለሁ፤ ከነቀኑ፣ ከነስሟ። ያነበበው ባለሙያ «ይህን መጀመሪያ ያስተዋለችው እሷ ከሆነች በጽሑፉ መግቢያም ይጠቀስ» አለ። ተጠቀሰ። የመጀመሪያውን ገጽ ልኬላችኋለሁ። ከስሟ አጠገብ ያለችው ትንሽ መስቀል በሕይወት ላለመኖሯ የምትደረግ ምልክት ናት፤ ሲያዩዋት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

ስለ ስልኩ የጻፉልኝን አንብቤአለሁ። እኔም ማመልከቻዋን አምና በኦክቶበር አይቼው ነበር፤ ለምን እንደፈለገች ሳልጠይቃት ለሌላ ጊዜ አሳለፍኩት። ይህን ያወቀ ከእርስዎ በቀር የለም።

አንድ ምክር ልስጥዎት፤ መቀበል አይገደዱም። እነዚህን ጽሑፎች የሚያነቡ በዓለም ላይ ሁለት መቶ ሰዎች ቢሆኑ ነው። ከኦስተርዊርድ አንድም የለም። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጡት ሰዎቹ ስሟን ያያሉ፣ በዚያው ያበቃል። ለማንም ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም።

ኤፖ


ኦስተርዊርድ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2012

ለልጄ ለኤፖ፣

ጤናህ ይብዛ፤ ቤትህ አይጉደልብህ። ገጹ ደረሰ። መስቀሏን አየኋት። አልደነገጥኩም። ከርዕሱ የገባኝ ቃል የለም፤ ስሟን ግን ሁሉ በእንግሊዝኛም ቢሆን ያነበዋል።

ምክርህን አሰብኩበት። ከልብህ እንደሆነ አውቃለሁ። ገጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሁለት ቀን አየሁት። ሦስተኛው ቀን ቲኔ እንቁላል ልትወስድ መጥታ አየችው፤ በሁለት እጇ አነሳችው። «በመጨረሻ» አለች። «ያገኘችው ታተመ።» አዎ አልኳት። ቲኔ እንቁላሏን ይዛ ሄደች። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ጊዜ ልጄ «የለም» ስትለኝ ሾርባ አስበለጥኩባት። አሁን ደግሞ በጽሑፍ ብላዋለች፤ እኔ ግን ለቲኔ አዎ አልኳት።

ቅዳሜ ካፖርቴን ለበስኩ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ቤት ለቤት ዞሮ የሚያረዳው ጎረቤት ነው፤ ሐዘንተኛው ከቤቱ አይወጣም። ለሬንስኬ የዞሩት ቲኔና ባሏ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀምረው በቀኝ በኩል፣ ከዚያ የቦዩን ዳር ተከትለው፣ አሥራ አራት ቤት። እኔም በዚያው ሥርዓት ዞርኩ። ይህን የሚናገርልኝ ጎረቤት የለም፤ አገኘች ብዬ የተናገርኩት እኔ ነኝና።

በየበሩ ያልኩት አንድ ነው። «ሬንስኬ አገኘች ብዬ ነግሬአችሁ ነበር። አላገኘችም። መሳሳቷን ራሷ ደርሳበታለች፣ ከመሞቷ በፊት። ይህን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።» ግቢ አሉኝ፤ አልገባሁም። ዳቦ ጋጋሪው እጁ ዱቄት እንደሆነ «ሩልፊን፣ ለእኛ ምን ለውጥ አለው? ልጅሽ ያው ልጅሽ ናት» አለ። ለእኔ አለው አልኩት። የመዘምራኑ መሪ አለቀሰች፤ እኔ ቆሜ ጠበቅኳት። ፓስተሩ በስብከቱ አስተካክለዋለሁ አለ፤ አያስፈልግም፣ ነግሬአለሁ አልኩት። ቲኔ የካፖርቴን የላይኛውን ቁልፍ ቆልፋልኝ እስከ ቦዩ ድረስ አብራኝ ሄደች፤ ከዚያ ተመለሰች።

አሥራ አራተኛው ቤት የመምህር ሲርት ነው። ሬንስኬን ስሌት ያስተማራት እሱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ከየበሩ ያልኩትን ለእሱም አልኩ።

«ስሕተቱን ያገኘው ማነው አልሽ?»

«ራሷ።»

«ሌላ ሰው ሳያሳያት?»

«ሳያሳያት። ተጽፏል።»

«እንግዲያ ጎበዝ ናት» አለ።

ነበረች አላለም፤ እኔም አላረምኩትም። አዎ፣ ጎበዝ ናት አልኩት። በሩን ዘጋ። የቦዩ ዳር ነፋስ ነበረው። ጓንቴን ረስቼ ስለወጣሁ ጣቶቼ አይሰሙኝም ነበር፤ እስከ ቤት ድረስ ኪሴ ውስጥ መክተት እንዳለብኝ ትዝ አላለኝም።

ስገባ ሃርም ወጥ ቤት ቆሟል። «ሁሉም ቤት?» አለኝ። ሁሉም ቤት አልኩት። ድንቹን ልጦ ውኃ ውስጥ አስቀምጦት ነበር። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳራችን ድንች ልጦ አያውቅም፤ ወፍራም ወፍራም አድርጎ ነው የላጠው፣ ግማሹ ከልጣጩ ጋር ሄዷል። አንተ ነህ የላጥከው? አልኩት። እኔ ነኝ አለ። እሳቱን ለኮስኩ።

አምላክ አብሮህ ይሁን፣ ልጄ። በማረፊያ ጊዜህ ወደ አገር ከመጣህ እኛ ጋ እደር።

አክስትህ ሩልፊን